ጥርስና ጭራ

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከተራራው ግርጌ በምትገኘው ቁስቋም የተወለደ ሰው ልጅነቱን የሚያሳልፈው በፍርስራሽ መካከል ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕተ ዓመት፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በነገሡበት ዘመን ያሠሩት ቤተ መንግሥት ግድግዳው ቆሞ ጣራው የሌለ በመሆኑ፣ ለእኛ ለሠፈሩ ልጆች የድብብቆሽ መጫወቻችን ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከዐይኔ ያልጠፋ አንድ ነገር አለ። ይኸውም ከሰው ቁመት በላይ በግድግዳው ላይ በተርታ የሚታዩት ባዶ ቀዳዳዎች ናቸው። ርግቦች ይገቡባቸዋል፣ ይወጡባቸዋል። እኔም ለርግብ ማደሪያ ተብለው የተሠሩ ይመስሉኝ ነበር።

«የምን ርግብ!» አሉኝ አንድ ቀን አጎቴ። «ወለል ነበረ እኮ። የወለሉ አግዳሚ እንጨት የገባበት ነው። ድንጋዩ ቀረ፣ እንጨቱ ሄደ።»

አጎቴ አናጢ ናቸው። በዚያች አጭር አነጋገራቸው ውስጥ ቅሬታ እንደ ነበረበት የተረዳሁት ግን እኔም በተራዬ መሮና መዶሻ ከያዝኩ በኋላ ነው። ጎንደርን ስንቆጥር በድንጋይ እንቆጥራለን። ቁስቋምን ጨምሮ የጎንደርና የአካባቢው ግንቦች በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ፣ የተመዘገበው ድንጋይና ኖራ ያቆየው ታሪክ ነው። ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ከተማይቱን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ከተጎዱት አንዷ ነበረች፤ እሳት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላው የአናጢን ሥራ ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣራ አንጋጠን ስናይ፣ መላእክቱን የሣለውን እጅ እናደንቃለን። ጣራውን የገጠመው እጅ ትዝ የሚለው ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ሠዓሊያን ወንድሞቼ በዚህ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

በአገራችን እንጨትን ከእንጨት ማያያዝ ትናንት የመጣ ጥበብ አይደለም። በደብረ ዳሞ ግድግዳ ላይ ወጥተው የሚታዩት፣ «የዝንጀሮ ራስ» እየተባሉ የሚጠሩት ድቡልቡል ጫፎች ለጌጥ ብቻ የተደረጉ አይደሉም። በግድግዳው ርዝመት የተጋደሙትን እንጨቶች በወርዱ ነክሰው የሚይዙ አቋራጮች ናቸው። ምስማር ሳይገባበት አንዱ እንጨት ሌላውን እንዲይዘው ማድረግ ማለት ይኸው ነው። እኔ ዛሬ የማወራው ግን ከዚህ ስለሚያንስ ነገር፣ ስለ አንዲት ሣጥን ማዕዘን ነው።

ሁለት ሳንቃዎች በማዕዘን ሲገናኙ የሚያያዙበት መንገድ ብዙ ነው። ከሁሉም አስተማማኙ የአንዱን ሳንቃ ጫፍ እየሰፋ በሚሄድ ቅርጽ ቆርጦ፣ በሌላው ሳንቃ ላይ ለእርሱ ልክ በተቆረጡ ጥርሶች መካከል ማስገባት ነው። እየሰፋ የሚሄደው የተዘረጋ የርግብ ጭራ ስለሚመስል እንግሊዞች ስሙን ከርግብ ወስደው ዶቭቴይል ይሉታል። ጥንታውያን ግብፃውያን በሣጥኖቻቸው ላይ ተጠቅመውበታል። አጎቴ ግን በርግብም በሌላም አይጠሩትም። አንደኛውን «ጭራ»፣ ሁለተኛውን «ጥርስ» ብለው ያልፋሉ። እኔም በዚህ ጽሑፍ የእርሳቸውን አጠራር እከተላለሁ።

የዚህ መጋጠሚያ ብልሃቱ በዝንባሌው ላይ ነው። ጭራው ከሥሩ ወደ ጫፉ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል፣ በዚያው ብቻ ይወጣል፤ በሌላው አቅጣጫ ቢጎትቱት እየጠበቀ ይሄዳል እንጂ አይለቅም። ዝንባሌው ከበዛ የጭራው ማዕዘን ቀጥኖ ይሰበራል፤ ካነሰ ደግሞ ይንሸራተታል። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ ያሉ አናጢዎች ለለስላሳ እንጨት ስድስት ወርዶ አንድ፣ ለጠንካራ እንጨት ስምንት ወርዶ አንድ የሚያዘነብል ልክ ይዘዋል። አጎቴ ይህን ቁጥር አያውቁትም። እርሳቸው ያላቸው ከወይራ የተሠራች፣ ከጣት የማትረዝም የዝንባሌ መለኪያ ናት። ከብዙ ዓመት አገልግሎት የተነሣ ጥቁር ሆናለች፤ ስትዳሰስም ልሙጥ ናት።

ይህች መለኪያ ከየት እንደ መጣች መናገር ይገባል። አጎቴ ሙያውን በወጣትነታቸው የተማሩት ከጎንደር በስተ ሰሜን ባለችው በወለቃ ከነበሩ አንድ የቤተ እስራኤል ሽማግሌ ነው። የጎንደር ነገሥታት ከተማቸውን ሲያንጹ ቤተ እስራኤሎች በግንበኝነት፣ በብረት ሥራና በአናጢነት ያደረጉት አስተዋጽኦ በታሪክ የታወቀ ነው። ነገር ግን ያሠራቸው ሕዝብ በቀን በሠሩለት ወንበር ተቀምጦ በማታ ስማቸውን ሲያጠፋ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠውንና እንጨት የሚጠርበውን በሥራው መስደብ ልማድ ስለ ነበረ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልቀረም። አጎቴም ወለቃ ወርደው መማራቸውን ከገዛ አባታቸው ለሁለት ዓመት ያህል ደብቀውት ነበር። በኋላ ከብዙዎቹ ወገኖቻቸው ጋር ሽማግሌውም ወደ እስራኤል ሄዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲጓጓዙ እርሳቸውም ከመካከላቸው ነበሩ። ከጎንደር ሲነሡ መሣሪያቸውን ሁሉ ሸጡ፤ ያችን የወይራ ቁራጭ ግን ለአጎቴ ሰጡ። ማን ይገዛታል?

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በግቢያችን የነበረ አንድ ትልቅ ዋንዛ በነፋስ ወደቀ። ግንዱ ተሰንጥቆ ሳንቃው በቤቱ ክፈፍ ሥር በክፍተት እየተነባበረ ዓመታት ደረቀ። ዋንዛ ምን ዓይነት እንጨት እንደ ሆነ ለአናጢ መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው አንባቢ ግን፣ ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ቀለሙ ከወርቅማ እስከ ቡኒ የሚሄድ፣ ከደረቀ በኋላ ብዙ የማይጣመም እንጨት ነው ብል ይበቃል። ለዚህም ነው መጥረቢያ የበዛበት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ያለ ፈቃድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስማቸው ለይቶ ከጠራቸው አራት ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነበር፤ የቀሩት ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ናቸው። አዋጁ ኋላ በሌላ ቢተካም ዛፎቹ አልበረከቱም። ስለዚህ ያ ሳንቃ ቢበላሽ ሌላ አመጣለሁ የምለው ዓይነት አልነበረም።

አጎቴ ለምን እንደሚፈልጉት ያውቁ ነበር። የአያቴ የብራና ዳዊት በቤታቸው በግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ማኅደሩ አርጅቷል፤ አይጥም ጠርዙን ቀምሶታል። «ሣጥን እሠራለታለሁ» ሲሉ ዓመታት አለፉ። በመካከሉ የዐይን ሞራ መጣባቸው፤ እጃቸውም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ አስጠርተውኝ ሳንቃውን አስወረዱና «አንተ ሥራው» አሉኝ። «ምስማር ግን እንዳይነካው።»

እኔ የእጅ ሥራ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ሳስተምር የኖርኩት በመጋዝና በመሮ ቢሆንም፣ በዚያው ሰሞን ከመርካቶ የእንጨት መቦርቦሪያ ማሽን፣ ራውተር የሚሉትን፣ ገዝቼ መጥቼ ነበር። ጥርስና ጭራ መቁረጫ የብረት ፎርማም አብሮት ነበር። እውነቱን ለመናገር አጎቴን ማስደነቅ ፈልጌአለሁ። እርሳቸው ሁለት ቀን የሚፈጅባቸውን ማዕዘን እኔ በሩብ ሰዓት ጨርሼ ሳቀርብላቸው የሚሉትን በሐሳቤ ስሰማው ከረምኩ።

ራውተር አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ከላይ፣ ምላጩ ከታች፣ በመካከል ጠፍጣፋ መቀመጫና ሁለት እጀታ። ምላጩ በደቂቃ ከ10 ሺህ እስከ 30 ሺህ ጊዜ ይዞራል። ለጭራ የሚሆነው ፑንታ ከታች ሰፍቶ ከላይ የሚጠብ ስለ ሆነ፣ ያለፈበትን ቦታ በራሱ ቅርጽ ቀርጾ ይተወዋል። ከዚህም አንድ ሕግ ይከተላል። ሌላውን ጉድጓድ ጥቂት በጥቂት እያጠለቁ መቦርቦር ይቻላል፤ ይህን ግን በሙሉ ጥልቀቱ በአንድ ጊዜ ነው የሚቆርጡት። ሳይጨርስ ማሽኑን ወደ ላይ ያነሣ ሰው ከታች የሰፋው ምላጭ እንጨቱንም ፎርማውንም ይዞበት ይወጣል። ሁለተኛው ሕግ የአቅጣጫ ነው። ማሽኑ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከምላጩ ዙረት ጋር እየተጋፋ መሄድ አለበት። ከዙረቱ ጋር ካስኬዱት እንደ ደነበረ በቅሎ ከእጅ ያመልጣል። ሦስተኛውን፣ ማለትም ዐይንን በመነጽር፣ አፍንጫን በጨርቅ መሸፈንን፣ ብዙዎቻችን እንንቀዋለን። ነገር ግን ማሽኑ የሚያወጣው ከሰጋቱራ የደቀቀ ትቢያ ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት ትቢያን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ውስጥ መድቦታል።

ሰጋቱራ፣ ፑንታ፣ ሞርሳ፣ ስኳድራ፣ ኮላ፦ ይህን ስጽፍ የአናጢ ቤት ቋንቋችን ምን ያህሉ ከጣልያን እንደ መጣ አስተዋልኩ። ጣልያኖች ጎንደር ላይ ፒያሳን ሠርተው በ1934 ዓ.ም. ሲወጡ ቃሎቹን ይዘው አልሄዱም። መጋዙ፣ መሮው፣ መላጊያውና መጥረቢያው ግን የራሳችን ናቸው።

ፎርማው የማበጠሪያ ጥርስ የመሰሉ ጣቶች አሉት። አንዱ ሳንቃ ቆሞ፣ ሌላው ተጋድሞ፣ በጣቶቹ መካከል ያለውን ርቀት እኩሌታ ያህል ተሸጋሽገው ይታሰራሉ። ማሽኑ በጣቶቹ መካከል ገባ ወጣ እያለ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ጥርሱም ጭራውም በአንድነት ይቆረጣሉ። የልኩ ጥብቀት የሚገኘው በምላጩ ጥልቀት ነው። ፑንታው ወደ ታች ከወረደ መጋጠሚያው ይጠብቃል፤ ወደ ላይ ከተሰበሰበ ይላላል። ይህም ማለት ከወረቀት ውፍረት የማይበልጥ ልዩነት ነው። እኔም በባሕር ዛፍ ቁራጭ ላይ ስድስት ጊዜ ያህል ሞከርኩ። አንዴ ላላ፤ አንዴ አልገባ አለ፤ በስድስተኛው ግን በመዳፍ ሲገፋ እየተቃወመ የሚገባ፣ ገብቶም ብርሃን የማያሳልፍ ሆነ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የሠራሁትን ይዤ ጎረቤት ዞሬ አሳየሁ።

ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ይመስለኛል። በማግስቱ ዋንዛውን አሰርኩ። የፎርማው ጣቶች እርስ በርሳቸው በሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል የተራራቁ ናቸው። መጋጠሚያው ከላይና ከታች በእኩሌታ ጥርስ ጀምሮ በእኩሌታ ጥርስ እንዲያልቅ ከተፈለገ የሳንቃው ወርድ የዚህ ርቀት ብዜት መሆን አለበት። የእኔ ሳንቃ 11 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ እኔም ሳላመነታ በመላጊያ ወደ 10 አወረድኩት። ከዚያም ቆረጥኩ። ግን ፑንታውን የሚይዘውን ብሎን በሚገባ አላጠበቅሁትም ኖሯል። ምላጩ በንዝረቱ ጥቂት በጥቂት ወደ ታች ተንሸራተተ፤ ጥልቀቱ ጨመረ፤ መጋጠሚያውም ከልክ በላይ ጠበቀ። እኔ ይህን አላየሁም። የባሕር ዛፉ በመዳፍ ገብቶ የለም? ይህም ይገባል ብዬ በእንጨት መዶሻ መታሁት። ሁለተኛው ምት ላይ ያ የደረቀ ዋንዛ ከማዕዘኑ እስከ መካከሉ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።

ድምፁን አጎቴ ከበረንዳ ሆነው ሰምተዋል። በትራቸውን እየመረኮዙ መጡ፤ ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው። የተሰነጠቀውን አልነኩትም። ጣታቸውን በጥርሶቹ ላይ፣ ከዚያም በጥርሶቹ መካከል አሳለፉ።

«ሁሉም እኩል ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ማሽን ስለ ሆነ...»

«ለምን እኩል ሆነ? ጫፉ ላይ ያለው እንጨት እንደ መካከሉ ይበረታል?»

መልስ አልነበረኝም። እርሳቸው ጥርሶቹን ከጠርዙ አጠገብ ያቀራርባሉ፣ ወደ መካከል ያራርቃሉ፤ ሳንቃው ሊጣመም የሚጀምረው ከጠርዙ ስለ ሆነ ነው። ጥርሳቸውም ቀጭን ነው፤ ከመጋዝ ሁለት ስንጥቅ የማይሰፋ። ማሽን ይህን ሊያደርግ አይችልም። በሁለት ጭራዎች መካከል ያለው ክፍተት ከምላጩ አንገት ሊጠብ ስለማይችል፣ የማሽን ጥርስ የግድ ወፍራም ይሆናል። የድሮ ሣጥን የሚያዩ ሰዎች የእጅን ሥራ ከማሽን የሚለዩት በዚህ ነው። ዝንባሌውም እንዲሁ ነው። ገበያ ላይ ያገኘሁት ፑንታ 14 ዲግሪ የተቆረጠ ነበር፤ አራት ወርዶ አንድ ማለት ነው። የወለቃው ሽማግሌ የወይራ መለኪያ ግን በኋላ ስለካት 8 ዲግሪ ሆና ተገኘች፤ ሰባት ወርዶ አንድ ያህል።

ከዚያ አጎቴ ዳዊቱን አስመጡ። ከነማኅደሩ አስተኙትና ሳንቃውን አጠገቡ አቆሙት። በስንዝርና በጣት ለኩ። ሣጥኑ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ኖሮት ወለሉና ክዳኑ የሚወስዱት ሲቀነስ የሚተርፈው ሰባት ተኩል ነው። ዳዊቱ ስምንት ነው።

«ክዳኑ አይዘጋም» አሉና ሳንቃውን አስቀመጡት። «ለመጽሐፉ ነው ወይስ ለብረቱ ነው የለካኸው?»

ብዙ ተግሣጽ በሕይወቴ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያሳፈረኝ የለም። አልተቆጡም። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ለማሽኑ ጥቂት ልከራከርለት። በማሽን የተሠራ ሁሉ ሐሰት፣ በእጅ የተሠራ ሁሉ እውነት ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ አብዛኞቹ መጋዝ ይዘው አያውቁም። መቶ መሳቢያ ለሚሠራ ሰው ፎርማው በረከት ነው። በአሜሪካ ክናፕ የተባለ ሰው በ1867 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው የመሳቢያ መጋጠሚያ ደግሞ ርግብን ለመምሰል እንኳ አልሞከረም። ማሽኑ ለመቁረጥ የሚቀለውን ክብ ቅርጽ ይዞ መጣ፤ ጥንካሬውም ተመሰከረለት። ሆኖም ሦስት ዐሥርተ ዓመታት ያህል ከሠራ በኋላ ቀረ። ሰዎች የጥንቱን ጭራ መልክ ስለ ወደዱ ሌሎች ማሽኖች ያንን መልክ እንዲቀዱ ተደረጉ። የእኔም ፎርማ የእነዚያ ልጅ ነው። ክናፕ ቢያንስ አላስመሰለም። የእኔ ጥፋት በማሽን መሥራቴ አልነበረም። የሣጥኑን ቁመት የሚወስነው ማን እንደ ሆነ ሳልጠይቅ መጀመሬ ነው።

የተረፈው ሳንቃ ለሦስት ግድግዳ ይበቃል። ለአራተኛው ያለኝ ዐይን ያለበት፣ ለሌላ ሥራ የተጣለ ቁራጭ ብቻ ነበር። «ከኋላ ይሁን» አሉ አጎቴ። «ዐይን ያለው እንጨት ጠንካራ ነው፤ ደግሞ ጠባቂ ይሆነዋል።» ሳቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ መጀመሪያ የሳቁት ያን ጊዜ ነው።

ፎርማውን ወደ ጥግ አደረግሁት። ጭራዎቹን በወይራዋ መለኪያ አስምሬ በእጅ መጋዝ ቆረጥኩ። ጥርሶቹን ደግሞ ከተቆረጠው ጭራ ላይ በቢላዋ ጫፍ ገለበጥኩ፤ በእርሳስ መገልበጥ አይሆንም፣ የእርሳስ መስመር ራሱ ውፍረት አለውና። ከዚህ በኋላ ግን ራውተሩን መልሼ አነሣሁት። በጥርሶቹ መካከል ያለውን ትርፍ እንጨት በመሮ ማውጣት ከሥራው ሁሉ አድካሚው ነው፤ መሮው በትንሹ ካዘነበለ ሥሩ ሸለቆ ይሆንና መጋጠሚያው በውስጥ ክፍት ይቀራል። ስለዚህ ሳንቃውን በሞርሳ አቁሜ አሰርኩት። ማሽኑ እንዳይወላገድ ከጎኑ እኩል ከፍታ ያለው ወፍራም እንጨት አስጠጋሁ። ቀጥ ያለ ፑንታ አስገባሁ፤ ብሎኑንም ሁለት ጊዜ አጠበቅሁ። ጥልቀቱን ልክ ከጭራው ሳንቃ ውፍረት ጋር አስተካክዬ፣ ከመስመሩ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እየራቅሁ ትርፉን ጠረግሁ። ሥሩ እንደ ብርጭቆ ጠፍጣፋ ሆኖ ወጣ። እስከ መስመሩ የቀረውን በተሳለ መሮ፣ በእጄ ክብደት ብቻ ላጥኩት።

አጎቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ማሽኑ ሲጮህ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ መሮው ሲጀምር ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ብቻ «ያ መሮ ደንዟል» አሉ። በድምፁ ነው ያወቁት። ተነሥቼ ሳልኩት።

መብራት በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ጠፋ። ሁለት ጊዜ ጠበቅሁ፤ በሦስተኛው ግን የቀረኝን የአንድ ማዕዘን ትርፍ እንዳለ በመሮ ጨረስኩት። አሁን ሣጥኑን የሚያይ ሰው በማሽን ከተጠረጉት ሦስት ማዕዘኖች አራተኛውን ይለያል ብዬ አላምንም። እኔ እለየዋለሁ። ውስጡን ግን ገጥሜዋለሁና ማንም አያየውም።

የገጠምነው በሰኔ መጨረሻ ነው። ኮላ በጥርሶቹ ጎን ብቻ በቀጭኑ ቀባሁ። ወለሉን በቦዩ ውስጥ ያለ ኮላ ተውኩት፤ ሰፊ ሳንቃ በክረምት ይነፋል፣ በበጋ ይሰበሰባል፣ ከታሰረ ይሰነጠቃልና። ማዕዘኑን ለማስገባት መዶሻ ላነሣ ስል አጎቴ እጄን ያዙ። ተነሡና በሁለት መዳፋቸው ተጫኑት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መንቀጥቀጡ ራሱ አስገባው ማለት ይቻላል። ጥርሱ በጭራው መካከል እየተንቀጫቀጨ፣ እየተቃወመ፣ በመጨረሻ ላይ አንዲት አጭር ድምፅ አሰምቶ ተቀመጠ። ስኳድራ ጣልኩበት፤ ልክ ነበር። ዳዊቱን ከነማኅደሩ አስተኛንበት፤ ክዳኑም በቦዩ ተንሸራትቶ ተዘጋ። ትርፉ አራት ሚሊ ሜትር ነው።

«ደኅና ነው» አሉ አጎቴ። ከእርሳቸው አፍ ይህ ብዙ ነው። ቀጥለው ግን «ምን ያህል ደኅና እንደ ሆነ በጥር እናያለን» አሉ።

ለምን ጥር እንዳሉ ለእንጨት ሥራ እንግዳ የሆነ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል። ክረምት የጎንደር አየር እርጥበት የጠገበ በመሆኑ ሳንቃው ተነፍቶ ነው የገጠምነው። ጥምቀት ሲደርስ ደጋው ይደርቃል። ሳንቃው ያን ጊዜ በወርዱና በውፍረቱ ይቀጥናል፤ በርዝመቱ ግን እንጨት የሚለወጠው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ውፍረቱ ሲቀነስ፣ ርዝመቱን እንደ ያዘ የሚቀረው የጥርሱ ጫፍ ከሳንቃው ፊት በጥቂቱ ወጣ ብሎ ለጣት ይታወቃል። ሁሉም ጥርስ እኩል ከወጣ ሥራው ትክክል ነበር። አንዱ ወጥቶ አንዱ ከቀረ፣ ወይም በጭራው ጎን ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ከተገኘ፣ የሆነ ቦታ ላይ መስመሩን ስቻለሁ ማለት ነው።

የወይራዋ መለኪያ አሁን በእኔ መሣሪያ ሣጥን ውስጥ ናት። አጎቴ «ያዛት» አላሉም፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ልመልስላቸው ስል ግን እጃቸውን አልዘረጉም። ይህን የምጽፈው በነሐሴ ነው፤ ውጭ ዝናቡ አላባራም፤ ከግንቡ ቀዳዳዎች ርግቦቹ አይወጡም። ሣጥኑ በአጎቴ መኝታ ራስጌ ተቀምጧል። ማለዳ ማለዳ ዳዊቱን ለማውጣት ክዳኑን ሲስቡ፣ አስቀድመው አውራ ጣታቸውን በማዕዘኑ ላይ እንደሚያሳልፉ አክስቴ ነግራኛለች።